ልጄ ሰው ገጭቶ መጣ፤ ወንድሜ ደግሞ «እኔ ነበርኩ የምነዳው እላለሁ» አለኝ

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ባለቤቴ አርፏል። ትልቁ ልጄ 19 ዓመቱ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ አምስት ወሩ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ እኔ ለቅሶ ቤት ሳለሁ የመኪናዬን ቁልፍ ከበሩ ጀርባ ከሚሰቀልበት ሚስማር ወስዶ፣ ሦስት ጓደኞቹን ጭኖ ወጣ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከሲኤምሲ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ ሰው ገጨ። ቆሞ ነበር፤ ጓደኞቹ ‹ንዳው፣ ሰዉ ይገድለናል› ሲሉት ነድቶ ቤት ገባ። ሰውየው ግንበኛ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት። ጭኑ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል። ሰሌዳውን የያዘ ሰው ስለነበረ ረቡዕ ፖሊስ ደውሎ ‹ሰኞ አሽከርካሪውን ይዘሽ ቅረቢ› አለኝ። ወንድሜ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ‹እኔ ነበርኩ የምነዳው እላለሁ፣ ልጁ ትምህርቱን ይቀጥል፤ መኪናውንም የማውቀው ጋራዥ ላስገባው› ይላል። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ‹ሳላውቅ ተሰርቆብኝ ነው በይ› ትለኛለች። ልጄ ‹ዘሎ ገባብኝ› ከማለት በቀር አይናገርም፤ አይተኛም። ሆስፒታል ሄጄ ሰውየውን ልጠይቀው ስል ‹ከሄድሽ ጥፋትሽን አመንሽ ማለት ነው› አሉኝ። ተጠያቂው እሱ ነው እኔ? መኪናውንስ ሸጬ ብገላገል?
እናት፣ ከአዲስ አበባ»

እመቤቴ፣ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። ዓምዱ እስኪወጣ ሰኞ ስለሚያልፍ የሚያጣድፈውን ያን ዕለቱን በስልክ መልዕክት መልሼልዎ ነበር፦ መኪናው ጋራዥ አይግባ፣ ወንድምዎ ምንም አይበሉ፣ ሰኞን ሳትጠብቁ ነገ ጠዋት ልጁን ይዘው ይሂዱ። ዓርብ እንደሄዳችሁ፣ ልጁ ራሱ ቃሉን እንደሰጠና ታስሮ አድሮ በዋስ እንደወጣ ነግረውኛል። ወንድምዎ እንዳኮረፉም ነግረውኛል። ቀሪውን አሁን እንነጋገር። ይኸው ጣጣ በሌላም ቤት ስለማይጠፋ፣ እርስዎ ያለፉበትንም ጭምር ለአንባቢ እጽፈዋለሁ።

በወንድምዎ ልጀምር። ለእህታቸው ልጅ ሲሉ እስር ቤት ለመግባት የተዘጋጁ ሰው ናቸው፤ ይህን አላቃልለውም። ነገር ግን ያን ማታ ማን ማን እንዳየ ይቁጠሩ። ጓደኞቹ ሦስት ናቸው፤ ሰሌዳ የያዘው ሰው አለ፤ ጥሩምባ ሲነፋ በሩን የከፈተ ዘበኛም ይኖራል። 19 ዓመት የሆናቸው ሦስት ልጆች ፖሊስ ፊት ለየብቻ ተጠይቀው አንድ ዓይነት ውሸት ይናገራሉ ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ፍትሕን ማሳሳት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ውሸቱ የወጣ ዕለት አንድ ተከሳሽ የነበረው ሁለት ይሆናል፤ እርስዎም ተባባሪ ተብለው ሦስተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ወንድምዎ በመንጃ ፈቃዳቸው ነው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት። መድን ድርጅቱም ስለ አሽከርካሪው የተነገረው ሐሰት መሆኑን ካወቀ አልከፍልም ለማለት በር ይከፈትለታል። ያን ጊዜ የሚጎዱት እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ አልጋ ላይ የተኛው ሰውም ነው።

የጋራዡ ነገር ከዚህ አይለይም። የተሰበረ ፓራውልትና የተጨራመተ ኮፈን ለእርስዎ ኀፍረት ነው፤ ለመርማሪ ግን ማስረጃ ነው። መኪናው ሰውየውን በቀኝ ይሁን በግራ እንዳገኘው፣ ፍሬኑም ይያዝ አይያዝ የሚታወቀው ከዚያ ላይ ነው። ምናልባትም ለልጅዎ የሚጠቅም ነገር እዚያው ይገኝ ይሆናል። ፖሊስ አይቶ ሳይለቀው መዶሻ አይንካው።

የጎረቤትዎ ምክር ሕግ የሚያውቅ ሰው ምክር ይመስላል፤ አደገኛ ያደረገውም እሱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ላይ፣ ባለመኪና መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። እርስዎ ምን አጠፉ ብሎ አይጠይቅም። የሚያመልጡበትም በር አለው፦ ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት። ጎረቤትዎ የሚያሳዩዎት ይህንኑ በር ነው። በዚያ በር ለመውጣት ግን ልጅዎን ሌባ ብለው ማስመዝገብ አለብዎት። ቁልፉ የተሰቀለው ቤተሰቡ ሁሉ በሚያውቀው ሚስማር ላይ ነው፤ ልጁ መንጃ ፈቃድ አለው፤ ከዚያ በፊትም በዚያው መኪና ዳቦ ሊገዛ ሳይላክ አይቀርም። ይህን ስርቆት ነው ብሎ የሚቀበል ዳኛ አይታየኝም። ቢቀበል ደግሞ የባሰ ነው።

ስለዚህ «እሱ ነው እኔ?» ላሉኝ መልሱ ሁለታችሁም ናችሁ፤ የሁለታችሁ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ልጅዎ ለአካለ መጠን ስለደረሰ እርስዎን የሚጠይቅዎት እናትነትዎ አይደለም፤ ሊብሬው ላይ ያለው ስምዎ ነው። የእርስዎ ጉዳይ የካሳ ነው፤ በገንዘብ ያልቃል። የወንጀሉ ጉዳይ የእሱ ብቻ ነው፤ ወንጀል ለእናትም ለአጎትም አይተላለፍም። በመንጃ ፈቃድ ዕድሜ ላይ ላሉ ልጆች ወላጆች ይህን አስቀድሞ የሚነግር የለም፤ ቁልፉን ስንሰጥ ቤታችንንም አብረን እያስያዝን ነው። «ልጄ አደገ» ብለን እልል የምንለው መንጃ ፈቃዱ በወጣ ዕለት ነው፤ ያ ዕለት ግን ልጁ ሜዳ ላይ ወደ ኋላ ማስገባት መቻሉ የተረጋገጠበት ቀን ብቻ ነው።

ወደ ወንጀሉ ስመጣ እውነቱን አልሸሽግዎትም፤ ከመግጨቱ ይልቅ ነገሩን በልጁ ላይ ያከበደው ነድቶ መሄዱ ነው። በቸልተኝነት አካል ማጉደል ቅጣት አለው፤ ሆኖም ዳኛ በየቀኑ የሚያየው ነገር ነው። ሰው መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ግን በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ለብቻው የሚያስጠይቅ ነው፤ ጥሎት የሄደው ራሱ ያቆሰለው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሰውየው ያን ሌሊት ቢሞት ኖሮ አንቀጽ 543 ይመጣ ነበር፦ በቸልተኝነት ሰው መግደል፣ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ፤ ግልጽ የሆነን ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ ወይም ጠጥቶ ከሆነ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። ይህን የምጽፈው እርስዎን ለማስደንገጥ አይደለም። «ንዳው» ያሉት ሦስቱ ልጆች ዓምዱን ካነበቡት እንዲያውቁት ነው።

በሌላ በኩል ዓርብ ጠዋት ያደረጋችሁት ከንቱ አይቀርም። የዚያው ሕግ አንቀጽ 82 ጥፋቱን አምኖ ራሱን የሰጠ፣ ለተጎዳው የደረሰለትና አቅሙ በፈቀደ የካሰው ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል። መድረሱ ስድስት ቀን ዘግይቷል፤ ጨርሶ አልቀረም።

«ሰዉ ይገድለናል» ስላሉት ደግሞ፤ ፍርሃቱን አልንቀውም። የተቆጣ ሰው ሲሰበሰብ ምን እንደሚመስል አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። እውነት ለሕይወት የሚያሰጋ ሲሆን መኪናው የሚነዳው ግን ወደ ቤት ሳይሆን በቀጥታ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ እየሄዱም 991 ይደወላል፣ ለተጎዳው ደግሞ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። መኪና ውስጥ አራት ልጆች፣ አራት ስልክ ነበር። ከአራቱ አንዱ ቢደውል ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

አሁን «ዘሎ ገባብኝ» የሚለውን እንየው፤ ልጅዎ እየዋሸ አይመስለኝም። የታየው እንደዚያ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሰው አደጋውን አይቶ፣ ምን እንደሆነ ገብቶት፣ እግሩን ከነዳጅ አንስቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ያ ማለት 25 ሜትር፣ ፍሬኑ ገና ሳይነካ። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ እስኪቆም 20 ሜትር ያህል ይጨመራል። በ40 ቢነዳ ኖሮ ግን ማየቱም ፍሬን መርገጡም መቆሙም ተደምሮ የሚፈጀው 25 ሜትር ግድም ነው። በ40 የሚሄደው ሙሉ በሙሉ በቆመበት ቦታ ላይ በ60 የሚሄደው እግሩ ገና ፍሬን ላይ ማረፉ ነው። ግንበኛው ያቋርጥ የነበረው በዚያች ልዩነት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ልጅዎ በስንት ይነዳ እንደነበር አልነገሩኝም፤ እሱ ግን ያውቀዋል፤ ሲረጋጋ ራሱ ወረቀት ላይ ያስላው።

ሁለተኛው ነገር ዓይን ነው። አዲስ ነጂ አጠገቡ ያለውን፣ ኮፈኑንና ከፊቱ ያለውን መኪና ጎማ ነው የሚያየው። ወንድምዎ ግን ከቆመ አውቶብስ ሥር የሰው እግር ሲንቀሳቀስ አይተው ገና ሰውየው ብቅ ሳይል ፍጥነት ይቀንሳሉ። ይህ በማሠልጠኛ ተቋም የሚገዛ ነገር አይደለም፤ በጊዜ ነው የሚመጣው፤ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ወራት ለወጣት ነጂ ከሁሉም የከፉት ናቸው። ጨለማ ሲጨመርበት ይብሳል፤ እኩዮች ሲጫኑበት እጅግ ይብሳል። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አዲስ ወጣት ነጂ ሌሊት እንዳይነዳና እኩዮቹን ጭኖ እንዳይሄድ በሕግ የሚከለክሉት ለዚህ ነው። ከኋላ የተቀመጠው «ርገጠው እንጂ» ሲል፣ ከፊት የተቀመጠው ሙዚቃ ሲቀይር፣ አንዱ ስልኩን አንስቶ «ይህን እይ» ሲል፣ ነጂው እየነዳ ሳይሆን እየተጫወተ ነው። ልጅዎ አምስት ወር፣ ሌሊትና ሦስት ጓደኛ በአንድ ማታ ሰብስቧል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል የመንገድ አደጋን የሚቀድም የለም ይላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ደግሞ አብዛኞቹ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው። መኪና የሌለው ነው መኪና ላለው ዋጋ የሚከፍለው።

ሆስፒታል ይሂዱ። ይህን ያለ ምንም ማቅማማት እላለሁ። የታመመ መጠየቅ ብቻውን የእምነት ቃል አይደለም፤ አለመሄድዎን ግን የሰውየው ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። በመጀመሪያው ቀን ልጅዎን አይውሰዱ። እርስዎና አንድ የተከበሩ የሰፈር ሽማግሌ ብቻ ሂዱ። የሚሰድብ ይኖራል፤ የሚያለቅስ ይኖራል፤ መልስ አይስጡ። ብርቱካንና ሙዝ አልጋው ራስጌ አስቀምጦ መመለስ ግን ለራስ ኅሊና እንጂ ለእነሱ የሚጠቅም አይደለም። ባለቤቱ አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ታድር ይሆናል፤ ቀን ደግሞ የመድኃኒት ወረቀት ይዛ ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው ትዞራለች። ልጆቹ ከማን ጋር እንደሆኑ፣ የቤት ኪራዩ መቼ እንደሆነ፣ ትራንስፖርቷን ማን እንደሚከፍል ይጠይቁ። ግንበኛ የሚበላው በዋለበት ቀን ነው፤ ጭን ተሰብሮ የሚዋልበት ሥራ ደግሞ የለም።

የሚሰጡትን ይስጡ፤ ግን ይጻፍ። ምን ያህል፣ ለምን፣ በማን እጅ። የመድኃኒቱን ደረሰኝ ቅጂ ይያዙ። በኋላ ካሳ ሲሰላ የሰጡት እንዲታሰብልዎ ብቻ አይደለም፤ ሰውየውም «ምን ተሰጠኝ?» ብሎ ሲጨቃጨቅ እንዳይኖር ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ አልጋ ላይ ያለን ሰው «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ማስፈረም። በሽምግልና ስም ይህ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ጥቂት ሺህ ብር፣ አራት ምስክር፣ ፊርማ። እግሩ እንዴት እንደሚድን ሐኪሙ እንኳ ዛሬ አይነግርዎትም። ዕርቁ መልካም ነው፤ ይደረግ፤ የካሳው ልክ ግን የሚወሰነው ሕክምናው አልቆ የሐኪሞች ቦርድ የቀረውን ጉዳት ካየ በኋላ ነው። ሕጉ ለካሳ ክስ ሁለት ዓመት ይሰጣል፤ የሚያስቸኩል የለም። ዕርቅ ወረደ ማለት ደግሞ የወንጀሉ መዝገብ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ዓቃቤ ሕግ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ ዕርቁ ቅጣት ሲለካ ይታያል።

መድኑ ዘንድ እስካሁን ካልሄዱ ዛሬ ይሂዱ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንም ባለተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መኪናውን መንገድ ላይ እንዳያወጣ ያስገድዳል፤ መድኑ የተገባው ለእርስዎ መኪና ሳይሆን ለዚህ ሰው እግር ነው። ለሰውየው ካሳ ይከፍላል፤ ጣሪያ ግን አለው። ከጣሪያው በላይ የሚፈረድ ካለ ወደ እርስዎ ይመጣል። ውሉን ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ በተለይ አደጋ በምን ያህል ቀን ውስጥ መነገር እንዳለበት፣ ስለ አዲስ ነጂ የተጻፈ ነገር ካለ፣ ድርጅቱን ሳያማክሩ ከተጎጂ ጋር ስለ መዋዋል ምን እንደሚል። ምግብና መድኃኒት መግዛት አንድ ነገር ነው፤ «ይህን ያህል ሺህ እክሳለሁ» ብሎ መፈረም ሌላ ነው፤ ሁለተኛውን መድን ድርጅቱ ሳያውቅ አያድርጉ። ለሌላ አንባቢ ደግሞ፦ የገጨዎት መኪና ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው፣ በዚሁ አዋጅ የተደነገገ የመድን ፈንድ አለ፤ ተጎጂው ባዶ እጁን አይቀርም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ነው መብቱ የሚያልፈው።

ልጅዎስ? አይተኛም ብለውኛል። ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ያ ድምፅ የሚሰማው ከሆነ፣ ምግብም ከዘጋ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ካልተሻለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት፤ ጸበሉም ጸሎቱም አብሮ ይሂድ። ግን «የክፉ ቀን ነው፣ አንተ ምን አደረግክ» እያሉ አያባብሉት። አይረዳውም። የሚረዳው የሚሠራው ነገር ሲያገኝ ነው። የሰውየው ቤተሰብ ከፈቀደ ሆስፒታል ይመላለስ፤ ምሳ ዕቃ ያድርስ፤ ሰልፍ ይያዝ፤ የመድኃኒት ወረቀቱን ይዞ ፋርማሲ የሚዞረው እሱ ይሁን። መጀመሪያ ፊት ይነሱታል። ይሂድ።

መንዳቱን ፍርድ ቤት ፈቃዱን ካላገደው እንኳ ጉዳዩ እስኪያልቅ መሪ አይንካ። ከዚያ በኋላ ሲጀምር በቀን ብቻ፣ ያለ ጓደኛ፣ ስልኩ ከኋላ ወንበር ላይ ተጥሎ፣ ቀበቶው ታስሮ፣ ከጎኑ ደግሞ ወንድምዎ ተቀምጠው። ላኮረፉት ሰው ይህን መልዕክት ያድርሱልኝ፦ ለልጁ የሚሰጡት ነገር አለዎት፤ እሱም ወህኒ መግባት አይደለም፣ ያን ዓይን ነው። በየቅዳሜው ጠዋት ሁለት ሰዓት ከጎኑ ተቀምጠው «አሁን እዚያ ጋ ምን አየህ?» እያሉ ይጠይቁት። ከቆመው ታክሲ ኋላ፣ ከዜብራው ጫፍ፣ ከኳሷ ኋላ የሚመጣውን ልጅ። ለስድስት ወር።

ቁልፉ ከሚስማሩ ይውረድ። ቦርሳዎ ውስጥ ይደር።

መኪናውን ስለ መሸጥ፦ አሁን አይሆንም። ጉዳዩ ሳያልቅ ቢሸጡት «ንብረት ሊያሸሹ ነው» ያሰኛል፤ ፍርድ ቤትም ሊያግደው ይችላል። ካሳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ሸጡትም አቆዩትም የራስዎ ጉዳይ ነው፤ የሚሸጡት መኪናውን ላለማየት ከሆነ ግን ስድስት ወር ይታገሱና ከዚያ ይወስኑ። መድን ድርጅቱ የሰጠዎትን መልስ ይጻፉልኝ፤ ከውሉ ጋር የማይሄድ ነገር ከነገሩዎት አብረን እናየዋለን።